በሰው ደጃፍ የሚፈትሉት እትዬ አንጓች

«ያቺ ገንዘባችንን ያስቀረችብን ሴትዮ ሞተች» አለችኝ ብርቄ።

የተገናኘነው ጎንደር አውቶቡስ መናኸሪያ በር ላይ ነው። ብርቄን የማውቃት መተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ስሠራ ነው፤ ያኔ ጠላ ትሸጥ ነበር። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ ነው መርዶውን ጣል ያደረገችው። ማንን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ቢሆንም «የቷ ሴትዮ?» አልኳት።

«አንጓች ነቻ! እዚያው ሱዳን ማዶ ቀበሯት አሉ።»

ነፍስ ይማር እንኳ አላለችም። ዘንቢሏን አንስታ ወደ አዘዞ የሚሄደው መኪና ውስጥ ገባች። እኔ እዚያው በቆምኩበት ቀረሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። በብርቄም አይደለም የተናደድኩት። እሷ የሆነውን ነው የተናገረችው፤ ገንዘቡ ቀርቷል፣ ያስቀሩትም እትዬ አንጓች ናቸው። ግን ያ ብቻ ከሆነ ስለ እሳቸው የሚነገረው፣ መተማ ላይ ያሳለፍኩትን ዘመን በከንቱ ነው የኖርኩት ማለት ነው።

መተማ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቆላው ደገኛን የሚቀበለው በወባና በላብ ነው። በመኸር ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወገራ ሰሊጥ አጫጅ ይጎርፋል፤ መኸሩ ሲያልቅ ግማሹ ይመለሳል፣ ግማሹ ታሞ እኔ ዘንድ ይተኛል። መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ እዚያ «ዶክተር» ነው። አይደለሁም ብል ሰሚ አላገኘሁም። እትዬ አንጓች ግን አለመሆኔን አሳምረው እያወቁ ነበር «ዶክተር» የሚሉኝ። «ምን ታደርገዋለህ፣ አንተም ያልሆንከውን ትባላለህ፣ እኔም ያልሆንኩትን ሊቀመንበር እባላለሁ» ይሉ ነበር።

የከተማው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። የወገራ ሰው ናቸው። ከባላቸው ጋር ጫካ መንጥረው ሊያርሱ ወርደው፣ ባላቸው ለዘመቻ ተወስደው በዚያው ቀሩ። እሳቸውም ወደ ደጋ አልተመለሱም፤ ከገበያው ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤታቸው ፊት ራኩባ ሠርተው፣ ማለት የሣር ዳስ ቀልሰው፣ ለአጫጆች ጠላ ይሸጡ ጀመር። ረጅም፣ አጥንታም፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ሴት ነበሩ። ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጉ ነበር፤ ሲሰጡም እንዲሁ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው «የእጄን ላብ ይዞብኝ እንዳይሄድ» አሉና ሳቁብኝ። ሲስቁ ድምፅ አያሰሙም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ያን ጊዜ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት በወረዳው በኩል ለማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ሰጠ። መቼም ሲነገር ጥሩ ነገር ነው። ቤት ወይም በሬ ማስያዝ አያስፈልግም። አምስት ሴቶች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ዋስ ናት። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይመልሳሉ። አንዷ ካቃታት አራቱ ይሞላሉ። ያ ቡድን ካልጨረሰ ተራ የሚጠብቀው ቡድን አይወስድም። ድሃን አምኖ ገንዘብ የሰጠ ማን ነበር ከዚያ በፊት? ሴቶቹ በደስታ እልል ብለዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ደንቡን የጻፈው ሰው ግን መተማን በክረምት አያውቃትም። መረሬው ጥቁር አፈር ሲርስ መኪና አይገባም። መኪና ካልገባ ገበያ የለም። ሰሊጥ ገና መሬት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከማንም እጅ ሳንቲም የማይገኝበት ጊዜ ነው፣ ደንቡ ግን በየወሩ ነው የሚለው፤ ወር ደግሞ ክረምት ከበጋ አይልም።

እትዬ አንጓች ደንቡን እንደ ጾም ነበር የያዙት። ስለ ብድር ሲያወሩ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት፤ «ይኸ የሌላዋ ሴት ገንዘብ ነው። እዚያ ጋ ተራዋን ጠብቃ ቆማለች፣ አታያትም?» እውነትም ቆማ የሚያዩዋት ይመስላቸው ነበር፤ በእጃቸው እያመለከቱ ነው የሚናገሩት።

ያቃታት ወይም የዘገየች ሴት ስትኖር የሚያደርጉት ነገር በሌላ አገር አላየሁም። አይሳደቡም፣ ሚሊሺያ አይጠሩም። ጥጥና እንዝርት ይይዛሉ፣ የቡድኑን ሴቶች ያስከትላሉ፣ ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ በየበርጩማቸው ይቀመጡና ይፈትላሉ። ዝም ብሎ መፍተል ነው። ሰላም ይላሉ፣ ውኃ ሲሰጧቸው አይቀበሉም፣ ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። አላፊ አግዳሚው ግን ሁሉን ያውቃል። የባለዕዳዋ ልጆች በሴቶቹ መሀል እየተሽሎከለኩ ይወጣሉ ይገባሉ። አንድ ጠብመንጃ የያዘ ሰው እንደዚያ ሊያስጨንቅ አይችልም። ብዙ ጊዜ ድሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ይመጣል።

የመተማ ማኅበር አንድ ሳንቲም ያላስቀረ ማኅበር ተባለ። ወረዳው አመሰገነ፣ አውራጃው አመሰገነ። እትዬ አንጓች ምስጋናውን አልጠሉትም፤ ሰው ናቸው። ለሚያዚያ ሃያ ሦስት ሰልፍ ፊት ላይ ሲያቆሟቸው አዲስ ነጠላ ለብሰው አይቻቸዋለሁ።

አገሬ የምትባል ጎጃሜ ነበረች። ለአጫጆች ምግብ ልታበስል ከአገሯ ሰዎች ጋር መጥታ፣ እነሱ ሲመለሱ እሷ ከሴት ልጇ ጋር ቀረች። ልጅቱ ይታይሽ ትባላለች። ያኔ ገና ልጅ ናት፤ ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትመጣ የወሎውንም የጎጃሙንም አጫጅ አነጋገር እየቀዳች በሽተኛውን ሁሉ ታስቅልኝ ነበር። ኪኒኑ መራራ ነው ብላ አልቅሳ አታውቅም። እናትና ልጅ ከከተማው ጥግ ትንሽ ማሳ ተሰጥቷቸው ሰሊጥ ይዘሩ ነበር። አገሬ ብድሩን የወሰደችው ለዘርና ለአረም ነው።

ያ ክረምት ዝናቡ አለመጠን በዛ። የሐምሌው ክፍያ ሲደርስ አገሬ አልነበራትም። አራቱ የቡድኗ ሴቶችም አልነበራቸውም። ተራ የሚጠብቁት በየቀኑ እትዬ አንጓች ቤት እየመጡ «የኛስ?» ይላሉ። እትዬ አንጓችም እንዝርታቸውን አነሱ። ዝናቡ ሲያባራ ከጤና ጣቢያው ወጥቼ ሳልፍ ጭቃው ላይ ሣር አንጥፈው ተቀምጠው ሲፈትሉ አየኋቸው። አገሬ በሯን ዘግታ ነበር። በማግስቱም ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አገሬ ገንዘቡን አመጣች፤ የራሷን ብቻ ሳይሆን የመጪውንም ወር ጭምር።

«አየኸው ዶክተር?» አሉኝ እትዬ አንጓች ያን ቀን። «የለኝም ስትል ነበር። ሰው ሲያፍር ይገኛል።»

እኔም ተደንቄ ነበር። የሚገርም ነገር ቢኖር በዚያ ሰሞን ለክብደት የሚመጡት ሕፃናት ሁሉ መክሳታቸው ነው። ይህን ስነግራቸው «ክረምት ነዋ» አሉኝ። ክረምት ነበር፤ መልሱ በቂ መሰለን።

ኅዳር ላይ እትዬ አንጓች ይታይሽን ከገበያ አጧት። አገሬን ሲጠይቋት «ቋራ፣ አክስቷ ዘንድ ልኬያታለሁ» አለቻቸው።

«ቋራ አክስት አለሽ እንዴ?»

አገሬ ልትሄድ ፊቷን አዞረች። ቆላው ውስጥ አንድም ዘመድ እንደሌላት እትዬ አንጓች ያውቃሉ፤ ወደ ራኩባቸው ወስደው አስቀመጧትና እስክትናገር ድረስ ጠበቋት። ከዚያ ነው ሁሉም የወጣው።

ጠረፍ ላይ ሸይል የሚሉት ንግድ አለ። ሰሊጡ ገና በአበባው ሳለ ነጋዴ ገንዘብ ይሰጥሃል፤ ሲደርስ ሰሊጡ የእሱ ነው፣ ዋጋውም ያኔ እሱ በቆረጠው ነው፣ ያውም ከገበያው ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። አገሬ ሴቶቹ ደጃፏ ላይ በተቀመጡ በሁለተኛው ቀን በጓሮ ወጥታ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ሱዳን ገላባት፣ ነጋዴው ሐጂ በሺር ዘንድ ሄደች። ሰሊጧን በአበባው ሸጠች። ከዚያ ዝናቡ አልቆም አለ፣ ማሳው ውኃ ቋጠረ፣ የሰሊጡ ሥር በሰበሰ። መኸር ሲደርስ ለሐጂው የምታስረክበው አንድ ቁና እንኳ አልነበራት። ይታይሽ የእናቷን ዕዳ በጉልበት ልትከፍል ሐጂው ቤት ገባች። ውኃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ትፈጫለች። ከዕዳው በየወሩ ምን ያህል እንደሚነሳ የሚያውቀው ሐጂው ብቻ ነው።

እትዬ አንጓች ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ነገ አብረኸኝ ትሻገራለህ» አሉ። «ሐኪም ይዤ ከሄድኩ ቁም ነገር ነው ብሎ ያየኛል።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር ከሰው ጋር ተሻገርን። እትዬ አንጓች እንዝርታቸውን ይዘዋል። ከማኅበሩ ሴቶች ማንም አልተከተላቸውም፤ ጠይቀው እምቢ ብለዋቸዋል። የሐጂው ግቢ በር ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው መፍተል ጀመሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ወጥቶ ገመድ አልጋ ጥላ ሥር ዘረጋልን። ከዚያ ሻይ መጣ። ከዚያ ሐጂው ራሳቸው ወጡ፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ አማርኛውን እንደኛው የሚናገሩ ሽማግሌ።

«እናቴ፣ ፀሐይ ነው፣ ወደ ጥላው ግቢ» አሉ።

«ልጅቱን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ውሰጃት። ገንዘቤን ስጪኝ።» ያሉት ገንዘብ፣ በሱዳን ጊኒም ይቆጠር በብር፣ እትዬ አንጓች በዕድሜያቸው ጨብጠውት የማያውቁት ነበር።

«በልጅ ትነግዳለህ?»

ሐጂው አልተቆጡም። «እኔ ደጇ ሄጄ አልለመንኳትም» አሉ። «በዝናብ ርሳ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ሴቶች ደጄ ላይ ተቀምጠዋል አለችኝ። እኔ እንኳ መኸር ድረስ ነው የታገሥኳት። እነዚያ ሴቶች እነማን እንደሆኑ አላውቅም።»

እትዬ አንጓች እንዝርቱን ያዙት እንጂ መፍተሉን ትተዋል። ውስጥ ግቢው ይታይሽ ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ አየናት። እሷም አየችን። መጥታ ሰላም አላለችንም፤ ጀሪካኑን አስተካክላ አለፈች።

ስንመለስ ወንዙ ጋ ደረስን። ውኃው ውስጥ ገብተው ቆሙና፣ «እሱ ምን ያሳፍረዋል?» አሉ። «የማያውቁት ሰው ደጃፉ ቢቀመጥ ምኑ ነው። እኛ የምንፈራው አብረን ስለምንኖር ነው። እኔ የቻልኩት ጎረቤቴን፣ አገሬን ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ ብል ይቀለኛል፤ ግን ያው እሳቸው ነበሩ፤ ያው ጥብቅነት ነው አቅጣጫውን የለወጠው። በሚቀጥለው የክፍያ ቀን መዳፋቸውን ጠርገው የመጀመሪያዋን ሴት ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት «ከየት ነው?» አሏት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ያንን ጠይቀው አያውቁም። ከጠላ ነው አለች። «የጠላሽ እህል የታለ?» አሏት። ቀስ በቀስ ወጣ፤ አንዷ ዘሯን ሸጣለች፣ አንዷ እንደ አገሬ በአበባው ሸጣለች፣ ብርቄ ለልጇ የሰጠኋትን የወባ ኪኒን ለአጫጅ ሸጣ ነበር። ሕፃናቱ ለምን እንደከሱ ያን ቀን ገባኝ። እትዬ አንጓች ያንዳንዷን ገንዘብ መልሰው እየገፉ «ውሰጂ፣ ልጆችሽን አብዪበት» አሉ። ሴቶቹ ደስ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። ዋሶቻቸው ተቆጡ፣ ተራ ጠባቂዎች ተቆጡ። አንድ ሳንቲም ያላስቀረው ማኅበር ያን ወር ብዙ አስቀረ።

እትዬ አንጓች የጠላ በርሜሎቻቸውን ሸጡ። ቀጥሎ የቤታቸውን ቆርቆሮ አስነቅለው ሸጡና በሣር ከደኑት። ሐጂው የጠየቁትን ሩብ እንኳ አልሞላም። ሐጂው በከፊል አልቀበልም አሉ።

በዚህ መሀል ነው ለጋሾቹ ሊጎበኙ ይመጣሉ የተባለው። የመተማን ዝና ሰምተዋል። ገንዘቡን በእጥፍ ሊያሳድጉት፣ ወደ ሽንፋና ወደሌላውም ቀበሌ ሊያስፋፉት ይፈልጋሉ። የወረዳው ሹም እትዬ አንጓችን አስጠራቸው። ሹሙ ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የልጅቱንም ጉዳይ ሰምቷል።

«ጓድ አንጓች፣ የሚጠበቅብሽ ሁለት ቃል ነው» አላቸው፤ ቃሉን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። «‹ጥሩ ነው፣ ጨምሩልን› በያቸው። አዲሱ ገንዘብ እንደገባ ለልጅቱ ማስመለሻ የሚሆን አስፈቅድልሻለሁ።»

አገሬም ይህን ሰማች። እትዬ አንጓች ቤት ሄዳ ጉልበታቸውን ይዛ፣ «አንቱ፣ ስለ ወላዲት አምላክ፣ በሉ ያሏችሁን በሉላቸው፤ ልጄ ትምጣልኝ፣ ሌላው ይቅር» አለቻቸው። ብርቄና ሌሎቹም ለምነዋል። እጥፍ ገንዘብ ማለት ተራ የሚጠብቅ ሁሉ የሚያገኝበት ነውና።

ለጋሾቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር እትዬ አንጓች ከቀትር በኋላ ጤና ጣቢያ መጡ። ጉንፋን ነው አሉ። ጉንፋን አልነበረባቸውም።

«አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ሁለቱን ቃል እላለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፣ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። ማዶ ያለችው ልጅ በስሟ የምናውቃት ልጅ ናት።

«እኔም እንዲያ ነበር ያሰብኩ» አሉ። «ከዚያ ግን፣ ይታይሽ መጣች እንበል። እጥፉ ገንዘብ በዚያው ደንብ ይመጣል። ክረምት ይመጣል። ከይታይሽ ቀጥላ የማን ልጅ ናት የምትሻገረው? እሷንስ በምን እመልሳታለሁ?» ለጉንፋኑ ብለው ኪኒን ተቀበሉኝ፤ ሕመም እንደሌላቸው እያወቅሁ ሰጠኋቸው።

ለጋሾቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከአስተርጓሚያቸው ጋር። ከትልቁ ዛፍ ሥር ወንበር ተደረደረላቸው። ዘፈን ተዘፈነ፣ ሹሙ ንግግር አደረገ፣ ሰው አጨበጨበ። እትዬ አንጓች ሲጠሩ ተነሡ። ስብሰባ ላይ ሲናገሩ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወደ ኋላ አላጣመሩም፤ መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ገንዘባችሁ ተመልሷል» አሉ። «አንድ ሳንቲም አልቀረባችሁም። ከየት እንደተመለሰ ግን አልጠየቃችሁም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ከዘር ተመልሷል። ከልጆች አፍ ተመልሷል። አንዲት ልጅ ማዶ ሰው ቤት ገብታ ነው የተመለሰ። እኔ ነኝ እናቷ ደጃፍ ተቀምጬ ያስመለስኩት። በዚህ ደንብ ከሆነ አትጨምሩብን።»

አስተርጓሚው አንዴ ሹሙን አየ፣ አንዴ እሳቸውን። ወጣት ነበር፣ ግን ሳይቀንስ ተረጎመው፤ ፈረንጆቹ ፊት ላይ ሲታይ አወቅነው። ሴትዮዋ «ምን ብናደርግ ትወዳላችሁ?» ብላ አስጠየቀች።

እትዬ አንጓች ይህን የጠበቁ አልመሰለኝም። «መክፈያው ከሰሊጥ በኋላ ይሁን» አሉ። «ዝናብ ያጠፋው ዓመት ይታለፍ። አንዷ ሲያቅታት አራቱን አትያዙ፤ ከያዛችኋቸው እርስ በርስ እንበላላለን። ደግሞ ስትመጡ በክረምት ኑ። በበጋ ማንም ያምራል።»

ፈረንጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጃቸውን ጨበጡ፣ አመሰገኑም። ከስብሰባው ማንም አላጨበጨበም። አገሬ ዛፉን ተደግፋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር፤ ንግግሩ ሲያልቅ ሰው መሀል ገብታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አንጓችን በወረዳው መኪና ወሰዷቸው። በኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ ነው። ሊወስዷቸው ሲመጡ በራኩባው በኩል አለፍኩ፤ ከመጫናቸው በፊት የእንስራውን አፍ እየከደኑ ነበር።

ከዚያ የሆነው፣ እንደኔ አስተያየት፣ ከሁሉም የከፋው ነው። ለጋሾቹ ደንቡን አላሻሻሉም። ብድሩ በመተማ ለጊዜው ቆሟል የሚል ወሬ መጣ፤ ያ ጊዜያዊ ሳያልቅ ገንዘቡ ወደሌላ አውራጃ ተዛወረ ተባለ። ችግር ያልተወራበት ማኅበር ወዳለበት ነው መሰለኝ። ሰዎቹ ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። የሰሙትን በደንብ ሰምተዋል። ግን እትዬ አንጓች አስተካክሉት ያሉትን እነሱ ተዉት ብላናለች ብለው ነው የሄዱት። እነብርቄ ቀድሞ የነበራቸውንም አጡ። ብድሩ ሲቆም ሸይሉ አልቆመም፤ እንዲያውም ብቻውን ቀረ።

እትዬ አንጓች የተፈቱት ከሚቀጥለው መኸር በኋላ ነው። የሣር ክዳኑ አርጅቶ ዝናብ አስገብቶ ነበር። ጠላ ጠመቁ፣ ራኩባቸው ሥር ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔ ሄጄ ጠጣሁ፤ ብቻዬን የጠጣሁት ጠላ እንደዚያ ቀን ጎምዝዞኝ አያውቅም። ስለ እስሩ አልነገሩኝም። የጠየቁኝ ስለ ይታይሽ ነው። ከገላባት የሚመጡ ሰዎች ልጅቱ ታማለች፣ ሆዷ አብጧል፣ ትኩሳቱ አይለቃትም እንደሚሉ ነገርኳቸው። እንደሰማሁት ከሆነ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ነው አልኳቸው። መርፌው ካልተጀመረ እንደማትተርፍም አልደበቅኋቸውም።

ከዚያ በሁለተኛው የገበያ ቀን ይታይሽ በአህያ ላይ ተቀምጣ ወንዙን ተሻግራ መጣች። አህያውን የሚነዳው የሐጂው ሰው ነበር። እትዬ አንጓች አብረው አልነበሩም። ሰውየው ነው የነገረን፤ ያቺ ረጅም አሮጊት ሐጂው ዘንድ መጥታ፣ «የምትሞት ልጅ ምን ትሠራልሃለች፣ እኔ ጉልበት አለኝ፣ በእሷ ቦታ ልግባ» አለች። ሐጂው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ልጅቱን አዩ። ቀጥሎ እሺ አሉ። ሙሉ ዕዳው እንዳለ በእትዬ አንጓች ላይ ዞረ።

ልጅቱን ጤና ጣቢያ አስተኛኋት። መርፌው ከጎንደር እስኪመጣ ድረስ ያለፉትን ቀናት ማስታወስ አልፈልግም። አገሬ ከአጠገቧ አልተነሣችም። አንድ ጠዋት ልጅቱ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እትዬ አንጓች እንዴት እንደገቡላት ሰምታ እንደሆነ አገሬን ጠየቅኋት።

«ሰምቻለሁ» አለች። የልጇን እግር በነጠላ ጫፍ እየሸፈነች ነበር። «ድሮስ የአንጓች ዕዳ አይደለም?»

የልጅቱን ትኩሳት ለክቼ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፍኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በገበያ ቀን ወንዙ ዳር እትዬ አንጓችን አገኘኋቸው። እሳቸው በማዶው በኩል ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል። የሱዳን ቶብ ለብሰዋል፤ ከርቀት አላወቅኋቸውም። ውኃው ጎድሎ ስለነበር ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየረገጥኩ ተሻገርኩና ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። እጃቸው በሳሙና ተልጦ ነበር።

«ዶክተር» አሉኝ፣ እንደ ድሮው። «ተረፈች?»

«ትተርፋለች። መርፌውን እየጨረሰች ነው።»

«አገሬስ ምን አለች?»

መዋሸት አልችልበትም፣ እሳቸው ደግሞ ፊት ያነባሉ።

«ተወው» አሉ። «ያለችው ልክ ነው።»

«እስከ መቼ ነው እዚህ የሚቆዩት?»

«ሐጂው ነው የሚያውቅ። የምበላውንም ከዕዳው ጋር ያስባል አሉ።» ጀሪካናቸውን ሞሉና ክዳኑን አጠበቁ። ለማንሳት ላግዛቸው ስል እጄን ገፉት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ቆሙ።

«እህል ትቀምሳለች?»

«ትናንት ገንፎ በላች።»

«ማን አበላት?»

«እናቷ።»

ወደ መተማው በኩል አዩ። «እናቷ» ብለው ደገሙት። ጀሪካኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ሐጂው ግቢ የሚወስደውን ዳገት ያዙ። እኔ በዓመቱ ተዛውሬ ወደ ደጋ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።